ከአበቦቹ ሥር የቆረጥኩት ወረቀት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው፤ ገንዳ ውሃ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አቶ ውብሸት በሚባሉ ሰው እንጨት ቤት። ለእንጨት ሥራ ብዬ አልወረድኩም። ከበለሳ ከሰባት ሰው ጋር ሰሊጥ ለማጨድ ወርጄ በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። ጓደኞቼ «ሲሻልህ ትደርስብናለህ» ብለው ወደ ሌላ እርሻ ተሻገሩ። የትኛው እርሻ እንደሆነ አልነገሩኝም። ዘመኑ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ስልክ የለ፣ ምን የለ።

አቶ ውብሸት በራቸው ላይ ግድግዳ ተደግፌ አዩኝ።

«መላጊያ ይዘህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ማንበብስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«መልካም ነው። የሚያነብ ሠራተኛ ነበረኝ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ምስማር በመጣ ቁጥር ሥራ ያቆም ነበር» አሉና መጥረጊያ ሰጡኝ።

እንጨት ቤቱ ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ጠራጊ ነህ። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ይዘህ እንጨት ታለሰልሳለህ። ከዚያ መጋዝና መላጊያ። መጨረሻ ላይ ፍሬም ሠሪ ትሆናለህ፤ አራት እንጨት ጥጉን አርባ አምስት ዲግሪ ቆርጠህ፣ በኮላና በትንንሽ ምስማር ገጥመህ፣ ማዕዘን መለኪያውን ስኩዌር ስታስጠጋበት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ፍሬም ሠሪ ነህ። እኔ እዚያ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሌሎቹ በሁለት ይደርሳሉ ይባላል። እነሱ ግን ከመጋዙ ጋር ያወራሉ፣ ከሰው ጋር ያወራሉ፤ ጥጋቸውም ክፍት ነው።

የድንበር ከተማ ሰው ፍሬም ውስጥ ምን እንደሚያስገባ ልንገራችሁ። አንደኛ ንግድ ፈቃድ። ሻይ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ እህል ነጋዴውም ግድግዳ ላይ እንዲሰቅል ይገደዳል። ሁለተኛ የሠርግ ፎቶ። ሦስተኛ የማርያምና የገብርኤል ሥዕል፣ ለእስላሞቹ ደግሞ የመካ። የስንቱን ሰው ሠርግ በእጄ አሳልፌአለሁ። ሙሽሮቹ ከመስታወቱ በታች ሆነው ያዩኛል፤ ቂጣዬን የምበላው እነሱ ፊት ነው። የራሴ ፎቶ በየትኛውም ፍሬም ውስጥ አልነበረም። የማድረው እዚያው ከጣውላው ጀርባ ነው። ማንም «ና» ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አልሄድኩም።

ሰሊጥ ገንዘብ ሲሆን አቶ ውብሸት መሬት ተመርተው እርሻ ገቡ። እንጨት ቤቱን ለእኔ ተዉት። በሳምንት አንዴ እየመጡ ይሳደባሉ፣ ይመለሳሉ።

ሐጂ ኢድሪስን ያየኋቸው በዚያን ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ሎሚ፣ ማንጎና ዘይቱን የሚተክሉ ሽማግሌ ናቸው። የሱዳን ሰው አትክልተኛን ጀናይኒ ይለዋል፤ ከተማውም እሳቸውን ጀናይኒ ብሎ ነው የሚጠራቸው። የቆርቆሮ ሳጥን በአህያ አስጭነው መጡ።

«ልጄ፣ ፍሬም ሠሪው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«እጅህን ታጥበሃል?»

ደሜ ፈላ። «ደንበኛ ነዎት ወይስ ሐኪም?» አልኳቸው።

«ታጠብና ና፤ ከዚያ እንጣላለን።»

ታጥቤ መጣሁ። ሳጥኑን ከፈቱ። ከነጭ ጨርቅ ውስጥ አሥራ አራት ወረቀት አወጡ። ሁሉም የተክል ሥዕል ነው። ሮማን ተሰንጥቆ ፍሬው እየታየ፤ ሙዝ ከነአበባው፤ ከርከዴ፤ ያስሚን፤ ሌላው ደግሞ በዚህ አገር አይቼው የማላውቅ፣ ከባሕር ማዶ የሆነ ተክል። አንዱ ላይ ድስት የሚያህል ቀይ አበባ ተስሏል፤ ከመሃሉ እንደ ምላስ የወጣ ነገር አለው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ በጣት ስትዳብሰው የጎደጎደ መስመር ይሰማሃል።

«ይህ ጉድጓድ ምንድን ነው? ተጭኖበት ነው?» አልኩ።

«መዳብ ነው። ሥዕሉን መዳብ ላይ በመርፌ ይቀርጹታል። ቀለም ይቀቡትና ወረቀቱ ላይ ይጫናል፤ የመዳቡ ዳር እንዲያ ይቀራል። ከዚያ አረንጓዴውንም ቀዩንም ሰው በእጁ በብሩሽ እየነካ ነው የሚያለብሰው። የእኔን ዕድሜ ብታጥፈው ከነሱ አይደርስም።»

አባታቸው ሱዳን ውስጥ የአንድ እንግሊዝ ሹም አትክልተኛ ነበሩ። እንግሊዙ አገሩ ሲገባ ሥዕሎቹን ለአባታቸው ሰጠ። ሃያ ነበሩ፤ ስድስቱን ምስጥ በላቸው። ሐጂ የቀሩት መስታወት ውስጥ እንዲገቡ ፈለጉ።

ወዲያው ትተውልኝ አልሄዱም። ሦስት ቅዳሜ እየመጡ ጣውላ ላይ ተቀመጡና ሥራዬን አዩ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሎሚያቸውን ሸጠው ይመጣሉ። የአባቴን ስም ጠየቁኝ። ገንዳ ውሃ ስምንት ዓመት ስኖር የአባቴን ስም የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። በአራተኛው ቅዳሜ ሳጥኑን ትተውልኝ ሄዱ። «በሳምንቱ እመጣለሁ» አሉ።

አሁን የሠራሁትን ልጻፍ።

መስታወት የሚመጣልን ከጎንደር ነው፤ በንግድ ፈቃዱ ልክ ተቆርጦ፣ በጭድ ተጠቅልሎ፣ አይሱዙ ላይ። መንገድ ላይ ግማሹ ይሰበራል። ስለዚህ የአቶ ውብሸት ሕግ አንድ ነው፤ መስታወት አይነካም፤ የሚበዛው ወረቀት ይቆረጣል። የሐጂ ሥዕሎች ከመስታወቱ በአራት ጣት ይረዝማሉ። ከአበባው በታች ነጭ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቀጥ ያለ የፈረንጅ ጽሑፍ ታትሟል። ከሱ በታች ደግሞ በእርሳስ የተጫጫረ፣ የደበዘዘ ነገር። እኔ ለአንዱም ለሌላውም ዕውር ነበርኩ። ጽሑፉን እንደ ማኅተም ቆጠርኩት፤ እርሳሱን ሰው የሞከረበት ቆሻሻ። አበባው እንዳይነካ ተጠንቅቄ የብረት ማስመሪያ አስጠጋሁና በስለታም ቢላ አሥራ አራቱንም ቆረጥኳቸው። አንዱም አልተጣመመም። ኮርቼ ነበር።

ሌላ ደግሞ አለ። ፍሬም ውስጥ ወረቀት እንዳይንሸራተት ከጀርባው ካርቶን እናደርጋለን፤ ካርቶኑ ከላላ ጥጉ ላይ ቁርጥራጭ ወረቀት አጥፈን እንወትፋለን። መሙያ እንለዋለን። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የንግድ ፈቃድ የሚታደስበት። የሐጂን ቁራጮች አየኋቸው፤ ወፍራም፣ የማይጨማደዱ፤ እንደነሱ ያለ መሙያ አግኝቼ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ፍሬም ሠርቼ አስረከብኩ። አሥራ አራቱም ቁራጮች አለቁ።

ቅዳሜ ሐጂ መጡ። ፍሬሞቹን ግድግዳው ላይ በተርታ አቁሜአቸዋለሁ። አንዱን አነሱና የመስታወቱን ታች በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም።

«የት አለ?»

«ምኑ?»

«የአባቴ እጅ።»

እኔ የሰው እጅ መሰለኝ። «እዚህ የሰው ሥዕል አልነበረም» አልኳቸው።

«ከአበባው ሥር የጻፈው። በእርሳስ። አባቴ በእጁ ከጻፈው በዓለም ላይ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ጎበዝ፣ የት አደረግኸው?»

«ቆረጥኩት።»

ጣውላው ላይ ተቀመጡ።

«ዓረብኛ አለማንበብህን አውቃለሁ። የፈረንጁንም። ግን ጽሑፍ መሆኑን አላየህም?»

«እኔ ምንም አላነብም። የአማርኛውንም።»

ይህን ለደንበኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ የማታነበውን ለምን ቆረጥክ?»

«መስታወቱ አጭር ነው» አልኩ።

«ኸላስ» አሉ፤ በቃ እንደ ማለት ነው። ሥዕሎቹን ሳይወስዱ ሄዱ። በር ላይ ዞር ብለው፣ «ጥር ላይ ልጄ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ መጥታ ትወስደኛለች። እስከዚያ እዚህ ይቀመጡ፤ እንደዚህ ሆነው እቤቴ አይገቡም» አሉኝ።

ለአቶ ውብሸት ነገርኳቸው። «አበባው አለ አይዶል? አበባውን ማን ነካው? ሽማግሌው ጦር ፈልጎ ነው» አሉ። ልክ ናቸው ብዬ ለሁለት ቀን ሥራዬን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ጉጠት ይዤ ወጣሁ።

ዘጠኙን ፍሬም ለማን እንደሠራሁ በጽሑፍ አልያዝኩም፤ እንደት ልይዝ? የማስታውሰው በእንጨቱ ነው። ዓይን ያለበት ዋንዛ ለሻይ ቤቷ፤ የተሰነጠቀ ጥድ ለነዳጅ ቸርቻሪው። ሰው ቤት ገብቶ መለመን የሰይጣን ሥራ ነው። ሻይ ቤቷ ባለቤት፣ «ፈቃዴን አውርጄ ተቆጣጣሪ ቢመጣብኝ አንተ ትታሰርልኛለህ?» አለች። ነዳጅ ቸርቻሪው ከነጎረቤቱ ሳቀብኝ። «ምን ደብቀህበት ነው? ወርቅ ከሆነ እኩል ነው፤ ፍሬሙ የኔ ነው!» ምስማሩን ነቅዬ ከጀርባ የታጠፈ ቁራጭ ወረቀት ሳወጣ ሳቁ ባሰበት። ለቁራጭ ወረቀት የሚለምን ሰው እብድ ነው። ከተማው አንድ ሳምንት «መሙያው» እያለ ጠራኝ። ከሰባት ፍሬም አሥር ቁራጭ አገኘሁ።

ስምንተኛው ፍሬም መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የአንድ ኃላፊ የምስጋና ወረቀት። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣ «ማመልከቻ አስገባ» አለኝ።

«አንድ ምስማር ነቅዬ ልመልሰው ነው። አፍ አለኝ፤ ነገርኩህ።»

«አፍ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ ወንድሜ።»

በሩ ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ተደርድረው ነበር። አንዱ «ስምህ?» ብሎ እስክሪብቶ አነሳ። ጉዳዩን ስነግረው እሱም ሳቀ። ትቼው ሄድኩ። መስከረም ላይ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ተመዘገብኩ። ማታ ሳይሆን ከሥራ መልስ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ። አራት ሴቶች፣ አንድ ዘበኛና እኔ። ዴስኩ የሕፃናት ነው፤ ጉልበቴ አልገባም አለ። አስተማሪዋ የምታህለኝ አይዶለችም፤ በዕድሜ ልጄ ትሆን ነበር። «ጋሼ፣ እርሳሱን እንደ መሮ አይጨብጡት» ትለኛለች። እኔ ደግሞ መሮ እንጂ ሌላ ነገር ጨብጬ አላውቅም። ሌሎቹ ለልጆቻቸው ደብዳቤ ሊጽፉ ነው የመጡት። እኔ ለአንድ ጸሐፊ።

በመሃሉ፣ ጥቅምት ላይ፣ ዘጠነኛውን ፍሬም ፍለጋ አብርሃ ጅራ ሄድኩ። የሠርግ ፎቶ ነበር፤ ሙሽሮቹ ወደዚያ ሄደዋል። ሁለት ቀን በጭነት መኪና፣ ከአጫጆች ጋር ተጨናንቄ። ከወሎም ከጎጃምም የመጡ ናቸው። እያንዳንዱን ፊት አየሁ፤ የማውቀው አልነበረም። «ለምን ትሄዳለህ?» ሲሉኝ «ለሥራ» አልኩ።

ሙሽራዋ ትርንጎ ትባላለች። ጠላ ትሸጣለች። ባሏን ጠየቅኋት።

«እሱ ሄዷል። አንተ ማን ነህ?»

«ፍሬሙን የሠራሁት ነኝ።»

«አንተ ነህ? ምስማርህ እጄን ቀዶኛል! ከፎቶው እሱን ቆርጬ ላወጣ ስከፍተው ነው።»

ፎቶውን አሳየችኝ። ግማሹ የለም። እሷ ብቻዋን ነጭ ለብሳ ቆማለች፤ ትከሻዋ ላይ የወንድ ጣት ቀርቷል።

«ከጀርባው ሁለት ወረቀት ነበረ» አልኳት።

«አንዱ እዚያው አለ። አንዱን ከሱ ጋር ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ምነው? የሱ ዘመድ ነህ እንዴ?»

ፊቴን አይታ ጠላ ቀዳችልኝ። በእሷ ምን እላለሁ? መጀመሪያ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ማመልከቻዬን በኅዳር ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። ጸሐፊው አነበበና ሁለት ፊደል አረመ። «ይህን ለመጻፍ ይህን ሁሉ ወር?» አለ። ፋይል ውስጥ ከተተውና «ክፈት» አለኝ። ሁለት ቁራጭ ነበሩበት። በድምሩ አሥራ ሦስት ሆኑ።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የአቶ ውብሸትን ሕግ ጣስኩ። ትልቅ መስታወት አስመጣሁና ራሴ ቆረጥኩት። አራቱ ተሰበሩ። ፍሬሞቹን ፈትቼ በአራት ጣት አስረዘምኳቸው። የትኛው ቁራጭ የየትኛው ሥዕል እንደሆነ ለማወቅ የተቆረጠውን ከተቆረጠው እያጋጠምኩ ጫፉ ልክ መጣ አልመጣ አየሁ፤ የወረቀቱን ነጠብጣብና እድፍ ተከተልኩ። ከጀርባ በስስ ወረቀትና በዱቄት ሙጫ አያያዝኳቸው። ቁራጭ ያጣው ያ ድስት የሚያህለው ቀይ አበባ ነው።

በጥር መጀመሪያ ሥዕሎቹን ከነጀርባቸው ክፍት አድርጌ፣ ፍሬሞቹን ለብቻ አስሬ፣ በአህያ ጭኜ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ሐጂ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ደጃፋቸው ላይ ማንጎ ሥር። ልጃቸው ዘይነብ ደርሳ ዕቃ ትሸክፋለች። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ አደረግኋቸው። የተያያዘበትን መስመር በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይታያል» አሉ።

«አዎ፣ ይታያል። አይጠፋም።»

ከዚያ፣ «አሁን ማንበብ ትችላለህ አሉ» አሉኝ።

«የአማርኛውን ብቻ።»

«መጻፍስ?»

«እየተንገዳገድኩ።»

«እርሳስ አምጣና እኔ የምልህን ከጀርባው ጻፍ። ዘይነብ ገዳሪፍ ያደገች ናት፤ ዓረብኛውን ታነባለች። ግን ሥዕሎቹን የሚያገኛቸው አማራ ቢኖር እሱም ይወቅ።»

እሳቸው እያነበቡ እኔ ጻፍኩ። ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ዱዓ፣ ኑዛዜ። አይዶለም። «ሮማን። ፍየል አይጠጋውም።» «ያስሚን። ጥላ ይወዳል፤ ማታ ውሃ።» «ይህ ከባሕር ማዶ ነው። ሁለት ጊዜ ዘራሁት፤ አልበቀለም።» አንድ አትክልተኛ ሥራውን የጻፈበት ነው። እኔ ሥራዬን ስሠራ የሱን ሥራ ነው የቆረጥኩት። እያንዳንዱን ቃል ስጽፍ ረዥም ጊዜ ይወስድብኛል፤ ሐጂም አልተቆጡም፤ ይጠብቁኛል። ዘይነብ ሁለት ጊዜ ውሃ አመጣችልን።

ቀዩ አበባ ላይ ስንደርስ አፋቸውን ከፈቱ። ቃል አልወጣም።

«አባቴ ስሟን ይጠራት ነበር። ልጅ ሆኜ እንደ ዘፈን ነበር የምደጋግማት…» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሄዳለች።»

«ቀይ አበባ ብዬ ልጻፍ?»

«ስሟ አይዶለም። አትዋሽባት።»

ባዶውን ተውኩት። ጀርባውን ዘግቼ ምስማሩን መታሁ።

በማግሥቱ በጭድ ጠቅልዬ ጫንኩላቸው። መተማ ዮሐንስ ድልድዩ ድረስ አብሬ ሄድኩ። ሐጂ ከመኪናው መስኮት፣ «ጥጋቸው ጥሩ ገጥሟል» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸው። መኪናው ድልድዩን ሲሻገር እስኪጠፋ አየሁና ተመለስኩ። ቅዳሜ መጣ፤ ጣውላው ላይ የሚቀመጥ አልነበረም።

ሐጂ በዓመቱ ገዳሪፍ ማረፋቸውን አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነገረኝ። ሥዕሎቹ የት እንደተሰቀሉ አላውቅም። የአትክልት ቦታውን ሌላ ሰው ይዞት ሰሊጥ ዘርቶበታል። እኔ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ፍሬም ሠራሁ፤ አሁን ዓይኔ ስለደከመ ትቻለሁ። ብዙ ሠርግ፣ ብዙ ፈቃድ በእጄ አልፏል። ስሙ የጠፋው አበባ ግን አንድ ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ፍሬም ለምትሠሩ ይህን እላለሁ። መስታወቱን በወረቀቱ ልክ ቁረጡ። ወረቀቱ ላይ የማታነቡት ጽሑፍ ካለ የሚያነብ ሰው ፈልጋችሁ አሳዩት። የሚያነብ ካጣችሁ ለባለቤቱ ሳትነኩ መልሱለት።